ማስተካከያ፦ የበርናርድ ሃይቲንክ የስንብት ኮንሰርት

የሆላንዳዊው የኦርኬስትራ መሪ በርናርድ ሃይቲንክ ስንብት ከአድማጮች አስተያየት ጋር ሲዘገብ የተዛቡ ነጥቦች ነበሩ። በ90 ዓመታቸው ለመጨረሻ ጊዜ የመሩት ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2019) ሳይሆን ከሦስት ቀን በኋላ በስዊዘርላንድ ሉሰርን ነው። በሁለቱም ቦታ የተጫወተው የቪየና ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ፣ ሲምፎኒውም (ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሙዚቃ) የኦስትሪያዊው አቀናባሪ የብሩክነር 7ኛ ነው።

በዝግተኛው ሁለተኛ ክፍል አድማጮች የቱባ (ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ) ድምፅ ያሉት በአመዛኙ በጀርመናዊው አቀናባሪ ዋግነር ስም የሚጠሩት የ4 ዋግነር ቱባዎች ነው፤ የሚነፏቸውም የሆርን (የተጠቀለለ የነሐስ ቀንድ) ተጫዋቾች ናቸው። ተራው ቱባ አንድ ብቻ ሲሆን ከሥር ሆኖ ይደግፋቸዋል። የክፍሉን መዝጊያ ብሩክነር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1883 ለሞተው ለዋግነር ሐዘን ነው።

ሲምፎኒው እየከሰመ ያልቃል መባሉ ግን ጭራሽ አያስኬድም። እንዲያ የሚያልቀው የሌላው አቀናባሪ የማህለር 9ኛ ሲምፎኒ ነው፤ የብሩክነር 7ኛ የሚያበቃው ኦርኬስትራው በሙሉ ኃይሉ እየተጫወተ ነው።