ፊቷን አትቁረጡት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ ሦስት ፎቶዎች ላከችልኝ። ስለ እናቶች ገላ የጻፈችው መጽሐፍ ሊታተም ነው፤ የቀራት ሽፋን መምረጥ ብቻ ነው። «የትኛው ይሻላል?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ላይ መስኮት አጠገብ የቆመች ነፍሰ ጡር አለች። ብርሃኑ ከኋላዋ ይመጣል። ሆዷ ሙሉ ጨረቃ መስሏል። ከአንገቷ በላይ ግን ተቆርጧል። ሁለተኛው ነጭ አንሶላ፣ የተኛ ሕፃንና የእናት ክንድ ነው። ሦስተኛው ላይ ከወለደች ሦስት ሳምንት የሆናት ሴት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ሆዷ ላላ ብሎ ጭኗ ላይ አርፏል። ከእምብርቷ ወደ ታች የሚወርደው ጠቆር ያለ መስመር ገና አልጠፋም። ዓይኗ ደክሟል፤ ግን በቀጥታ ታየናለች።

አሳታሚው የመጀመሪያውን ወዶታል። ሦስተኛውን «ገዢ ያስደነግጣል» ብሎታል። እኔ ሦስተኛው ነው እላለሁ።

የነፍሰ ጡር ሆድ ማሳየትም አንድ ጊዜ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991 ቫኒቲ ፌር መጽሔት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችውን አሜሪካዊቷን የፊልም ተዋናይ ዴሚ ሙርን ራቁቷን ሽፋኑ ላይ ሲያወጣት ትልቅ ጫጫታ ተነሳ። ፎቶውን ያነሳችው አኒ ሊቦቪትዝ ናት። አንዳንድ መደብሮች መጽሔቱን በወረቀት ጠቅልለው ሸጡት፤ ጭራሽ አንሸጥም ያሉም ነበሩ። ዛሬ ስንቷ ሴት ስቱዲዮ ገብታ እንዲያ ሆዷን አቅፋ ትነሳለች! ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ፣ የዴሚ ሙር ፊት ሽፋኑ ላይ ነበር።

የለመድነው እርጉዟን ብቻ ነው። ልጁ ሲወጣ ካሜራውም ወደ ልጁ ይዞራል። የእናትየው ገላ ግን ገና ብዙ ሥራ አለበት። ማሕፀን ልክ ከወሊድ በኋላ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። የሆድ ጡንቻዎች ለሕፃኑ ቦታ ሲለቁ መሃል ላይ ተራርቀዋል። ሸንተረሩ ይደበዝዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እኔ ከወለድኩ በኋላ መስታወት ፊት ቆሜ «ምን ሆኜ ነው?» ብዬ አልቅሻለሁ። የታመምኩ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሆድ ከዚያ በፊት ማንም አሳይቶኝ አያውቅማ! ያንን ሦስተኛ ፎቶ ያኔ ሽፋን ላይ ባየው ኖሮ እላለሁ።

እንዲህ ያለ ገላ ማሳየት የሚቻል ነገር ነው። ኔዘርላንዳዊቷ ፎቶ አንሺ ሪኔኬ ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1994 ሦስት አራሶችን አንስታለች። አንዷ ከወለደች አንድ ሰዓት፣ አንዷ አንድ ቀን፣ አንዷ አንድ ሳምንት ሆኗታል። ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ባዶ ግድግዳ ፊት ቆመዋል። የአንዷ እግር ላይ ደም ይታያል፤ የሌላዋ ሆድ ላይ የኦፕራሲዮን ጠባሳ አለ። ሦስቱም ያዩናል። ብዙ ሰው ከእነዚያ ፎቶዎች ፊት ቶሎ መሄድ ያቅተዋል። እኔም አቅቶኛል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ፤ የሴትየዋ ፈቃድ። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንጅ እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳቻትን ስደተኛ እናት ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን ትባላለች፤ ያኔ 32 ዓመቷ ነበር። ፊቷ ዓለምን ሲዞር ስሟ እስከ 1978 ድረስ አልታወቀም። ከፎቶው ሳንቲም አላገኘችም፤ ባልተነሳሁ ብላለችም። ጥግ ላይ ይታይ የነበረው አውራ ጣቷ እንኳ ምስሉን ያበላሻል ተብሎ በኋላ እንዲደበዝዝ ተደርጓል። ይህ ጣት ሁልጊዜ ያናድደኛል። የእናት እጅ ምን ያበላሻል?

ስለዚህ ጓደኛዬን «ሴትየዋን እንደገና ጠይቂያት» አልኳት። ወረቀት ፈርማለች፣ አውቃለሁ። ግን የፈረመችው በወለደች በሦስት ሳምንቷ፣ እንቅልፍ አጥታ ነው። መነሳት እሺ ማለት ሽፋን መሆን እሺ ማለት አይደለም። ሽፋን መደርደሪያ ላይ ይቆማል፤ በየስልኩ ይዞራል፤ ልጇም አድጎ ያየዋል። ፊቴ አይታይ ካለች ሌላ ፎቶ ይነሳ፤ ራሷ ፊቷን ታዙር። መቁረጫው የእኛ መሆን የለበትም።

ጓደኛዬ ትናንት ደወለችላት። ልጁ አሁን መራመድ ጀምሯል። ሴትየዋ ሽፋኑን ርዕሱ ከተጻፈበት በኋላ ልየው አለች። አይታው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ጽሑፉ ሆዴ ላይ ባይሆን።»

ዲዛይነሩ ርዕሱን ወደ ላይ እየወሰደው ነው። አሳታሚው እስከ ሰኞ ላስብበት ብሏል።