ባልዲያችንን አትንኩብን

እኔ ስለ ደብራችን ክፉ የሚያወሩ ሰዎች አይገቡኝም። ጣሪያው ያፈሳል ይላሉ። ያፍስ እንጂ! እኛ ሰፈር እኮ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ፈረቃ ሳይጠብቅ የመጣልን ውሃ ቢኖር የሱ ብቻ ነው።

ቅኔ ማኅሌቱ ጥግ ላይ ነው የሚያፈሰው። አሸንዳውን ዝገት በልቶት ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ካርታ ሰርቷል፣ ከስሩ ቢጫ ባልዲ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሰሞን ጠብ ጠብ ሲል ያናድደን ነበር፣ አሁን ለምደነው ዝናብ ያቆመ ቀን የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለናል። መሪጌታችን ሲያሸበሽቡ ባልዲው ጋ ሲደርሱ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ይላሉ፣ እና ልብ ብዬ እንዳየሁት ጥር ላይም ባልዲው በሌለበት እዛችው ቦታ ሲደርሱ ፈቀቅ ይላሉ፣ ከሳቸው የተማሩት ልጆችም እንደዛው። መቼም ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ መጥቶ የዚህችን እርምጃ ምስጢር ሲፈልግ ይታየኛል።

አንዴ አንድ የቆርቆሮ ሰራተኛ መጥቶ ወጥቶ አየውና አሸንዳው ይቀየር፣ ሁለት ቆርቆሮ ይነሳ፣ የላላው ሚስማር ይመታ፣ በቃ አለ። የጠየቀው ብር የፋሲካ በግ አይገዛም። ልማት ኮሚቴው ተሰብስቦ ተወያየ፣ እና በእውነት አስተዋይነታቸውን ማድነቅ አለብኝ፣ በዚህች ብር ማይክ አይከፈትም ብለው ተዉት። እውነት ነው እኮ! «አቶ እገሌ ሁለት ሜትር አሸንዳ» ተብሎ ቢጠራ ማን እልል ይላል? አሸንዳ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቢጻፍም ቀና ብሎ የሚያነብ የለም። በር ላይ ግን ይጻፋል። አሜሪካ ያለው ያክስቴ ልጅ እንኳ ለበሩ እሰጣለሁ፣ ፎቶ ላኩልኝ ብሏል፣ ስለ አሸንዳው ስነግረው ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ስለዚህ አሮጌው ይፍረስና አዲስ ይሰራ ተባለ። ከስሩ አዳራሽ፣ ከጎኑ የሚከራዩ ሱቆች ምናምን። ባነሩን ብታዩት! ኮምፒውተር ላይ የተሰራ ስዕል ነው፣ ግቢው ውስጥ ዘምባባ ተተክሏል፣ አንድ ነጭ መኪና ቆማለች፣ ነጠላ የለበሰ ሰው ግን አንድም የለም፣ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም። እዛ ቤተክርስቲያን ውስጥ መቼም አያፈስም።

ለንግሥ ሞንታርቦው ተከፈተና ገንዘብ ተሰበሰበ። ለስእለት የገባው ጃንጥላም ለጨረታ ቀረበ፣ አንዱ ጨመረ ሌላው ጨመረ፣ አሸናፊው በእልልታ ወሰደና እዛው መልሶ ለደብሩ ሰጠው። ዕቃ ቤታችን ውስጥ ስንት ጃንጥላ እንዳለ የሚያውቀው ዕቃ ቤት ጠባቂው ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ጃንጥላ ጋር ጣሪያ ለምን እንደሚያስፈልገን አልገባኝም። እኔም ማይኩ አጠገቤ ሲደርስ ሰው ሁሉ ሲያየኝ 10 ኩንታል ሲሚንቶ ብዬ ቃል ገባሁ፣ ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠራ፣ ሲሚንቶውን እስካሁን አልሰጠሁም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ይሄን የመሰለ መተማመን የት ይገኛል?

ድሮማ ምን ነበር፣ የሳር ክዳን። በየጥቂት ዓመቱ ያረጃል፣ ስለዚህ ሰፈርተኛው ሳሩን ተሸክሞ ይመጣል፣ ወንዱ ይከድናል፣ ሴቶቹ ጠላውን ያቀርባሉ፣ ማታ ክዳኑ አልቆ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ማይክ የለ ባነር የለ፣ የሰጠው ማን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አይታወቅም፣ ኋላቀርነት!

ጊዜያዊ ነገር ማቆየት ላይ ደግሞ አንታማም። ላሊበላ ላይ ከድንጋይ የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ እንዲከልል በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአውሮፓ ኅብረት ብር የቆመው መጠለያ ለጥቂት ዓመት ነበር የታሰበው፣ በመስከረም 2011 የከተማው ሰው ይሄ ነገር ሊወድቅብን ነው ብሎ ሰልፍ ሲወጣ ከአስር ዓመት በኋላም እዛው ነበር። ታዲያ የኛ ባልዲ በሦስት ክረምት ምን ቸኮለ።

ስለ ሒሳቡ የሚያሙትም አሉ። ቃለ ዓዋዲው፣ የቤተክርስቲያናችን የአጥቢያ መተዳደሪያ ደንብ ማለት ነው፣ ከ1965 ጀምሮ ካህናቱም ምእመናኑም ሰንበት ተማሪውም በሰበካ ጉባኤ አንድ ላይ ያስተዳድሩ ብሎ ደንግጓል፣ የኛ ሰው ደግሞ አደራውን ጠቅልሎ ለአንድ ሒሳብ ሹም አስረክቦ ተኝቷል። ሪፖርት ይቀርባል እኮ! ለመዋጮ ሲጠራ ሦስተኛው ቀበሌ ድረስ የሚሰማው ሞንታርቦ ለሪፖርቱ ቀን ያንቋርራል እንጂ ይቀርባል። ከሁሉ የምወደው «ልዩ ልዩ ወጪ» የሚለውን ነው። ጧፍና እጣን እስከ ሳንቲሙ ተዘርዝሮ ይነበብና ልዩ ልዩ ላይ ሲደርስ አንባቢው ቶሎ ያልፈዋል፣ ቁጥሩ ግን ከጧፉም ከእጣኑም ከደመወዙም ይበልጣል። አጠገቤ የሚቆም አንድ ሰው አለ፣ ባንክ ውስጥ ኦዲተር ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ደረሰኝ ሲያገላብጥ ይውላል፣ ለምን የኛን አታይልንም ስለው በጣም ደነገጠ። «የእግዜርን ቤት ኦዲት ላድርግ?» አለኝና አማተበ። ሙዳዩ ሲቆጠር እንኳን ሦስት ቁልፍ ነው ለሦስት ሰው፣ ከተቆጠረ በኋላ ግን ቁልፍ አይደለም ጥያቄም አያስፈልገውም።

ባለፈው ነሐሴ ዝናቡ ሲብስ የዘበኛው ነገር በጣም ገረመኝ። ባነሩ ካጥሩ ላይ በነፋስ ወድቆ አገኘውና ጣሪያው ላይ ወጥቶ ዘረጋው፣ አራት ድንጋይ ጫነበት። ዘምባባው ከነነጭ መኪናው ቀዳዳው ላይ ተኛ። ኮሚቴው ይሄንንም ለንግሥ ሪፖርት አድርጎታል፣ «አዲሱ ሕንፃ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል» ቢል ውሸት አይባልም።

ውሃው ግን ባነሩን ተከትሎ ሄዶ ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ መንጠባጠብ ጀመረ። ወዲያው በሳምንቱ አንዲት እናት አዲስ ሰማያዊ ባልዲ ገዝተው መጡ፣ ጎኑ ላይ በማርከር የሳቸውና የልጆቻቸው ክርስትና ስም በሙሉ ተጽፎበታል፣ ከቅዳሴ በኋላ በማይክ ተነበበ፣ እልል አልን። መሪጌታ አሁን ሁለት ጊዜ ፈቀቅ ይላሉ።