አውራ ጣት ያለበት መጽሐፍ

«ቤተ መጻሕፍት ወረቀት ምን ያደርግለታል? ሁሉም ዲጂታል ይሁን!» የሚል ሰው ስታገኙ ቴሌግራሙን አስከፍቱት። ካወረደው መጽሐፍ በየገጹ ግርጌ የአንሺው አውራ ጣት ተጋድሟል። ገጽ 46 ሁለቴ አለ፤ 47 የለም። ማጠፊያው አጠገብ ያሉት ፊደላት ገደል ገብተዋል። የፋይሉ ስም «ስካን የመጨረሻ አዲስ 2» ነው።

ደንበኛው አሠራር ሌላ ነው። መጽሐፉ ጀርባው እንዳይሰነጠቅ በግማሽ ተከፍቶ፣ እንደ ሸለቆ በተጋጠሙ ሁለት ሰሌዳዎች ላይ ይተኛል፤ መስታወት ይጫነዋል፤ ግራና ቀኝ የተተከሉ ካሜራዎች ቢያንስ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ያነሱታል። ከዚያ አንድ ሰው ተቀምጦ ገጹን ከዋናው ጋር ያመሳክራል። (የዚህ ሰው ደመወዝ በጀት ውስጥ ተረስቷል።) ቀጥሎ ኦሲአር የሚባለው ፕሮግራም ምስሉን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ቀለሙ የደበዘዘ «ሰ» እዚያ ሲደርስ «ለ» ሆኖ ይወጣል። ይህን ቢያልፍ እንኳ፣ «ፀሐይ» በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ ስድስት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ መፈለጊያው ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልታዘዘ ቀን በፋኖስ ፀሐይ ፍለጋ ነው።

ከመነሻውም በኮምፒውተር የተተየበውስ? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ቁጥር እንዲያውቁ የተስማሙበት ሰንጠረዥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን፣ በየድርጅቱ ፎንት የተለቀመው ጽሑፍ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት የቅንፍና የነጠላ ሰረዝ መንጋ ነው። በብራና የተጻፈው የአባ ገሪማ ወንጌል ከሺህ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም ያለ ፓስዎርድ ይከፈታል።

ሙያው ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከግቢ ውጭ ይላል። በእኛ ቤት ሦስቱም ቅጂ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ አቶ እገሌ መሳቢያ ውስጥ፤ ቁልፉ አቶ እገሌ ኪስ ውስጥ፤ አቶ እገሌ ሥልጠና ላይ።

አሮጌ ጋዜጣና ሊበጣጠስ የደረሰ መጽሐፍ እጅ ሳይበዛበት ይነሣ፤ በዚህ ክርክር የለም። ዋናውን አውጥቶ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞ ተጠቃሚውም ይጠየቅ እንጂ! ከማለዳው በር ላይ የሚሰለፈው ተማሪ ሃንድአውቱን ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚፈልገው ወንበር፣ ሶኬትና ዋይፋይ ነው። ከመደርደሪያው የሚያወርደው አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ብቻ ነው። ምሳ ሲወጣ ቦታ ይይዝለታል። ለዚህ ሥራ ፒዲኤፍ ተሞክሮ አልሆነም።