ለክቡር የበረዶ ማስመሪያ፣ ቦስተን ሎጋን አየር ማረፊያ

ጉዳዩ፦ ከደጃችን ጋር አልገጥም ስላለው ቁጥርዎ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችን ይድረስዎ። በባሕሩ ዳርቻ፣ ነጭ ቀለም በተቀባ ጣውላ ላይ ቆመው የከተማውን ክረምት ሲመዘግቡ ኖረዋል። እርስዎ የሚሉት ታሪክ ይባላል፤ እኛ የምንለው የወገብ ሕመም።

የሰሞኑን እናስቀድም። በረዶው ሌሊት አባራ። የከተማው ደንብ የታወቀ ነው፦ ፀሐይ በወጣች በሦስት ሰዓት ውስጥ ደጃፍ ያለው የእግረኛ መንገድ በ42 ኢንች ስፋት ይጠረጋል፤ ይኸውም አንድ ሜትር ከሰባት ሳንቲም ገደማ ነው። የዛቁትን ወደ አስፋልት መወርወር ክልክል። እሺ፣ ተጠረገ። መኪናውም ተቆፍሮ ወጣ፣ ሞተሩ ሞቀ። ልክ በዚያች ደቂቃ ጠራጊው መኪና ቢጫ መብራቱን እያብለጨለጨ ብቅ አለ። ምላጩ ወደ ቀኝ ያዘመመ ነው፤ ከላይ ሰፈር ጀምሮ ሲገፋ የመጣውን ሁሉ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ነው የሚያራግፈው። ክፍቱ ቦታ ደግሞ እኛ የጠረግነው ነው። ያልጠረገ ጎረቤት ምንም አልሆነ!

ያ ክምር በረዶ እንዳይመስልዎት። ከሰማይ የወረደው ላባ ነበር፤ ምላጭ የገፋው ግን አየሩ ወጥቶ ተጠቅጥቋል፣ ጨውና ጭቃ ጠጥቷል፣ ብርዱ ሲጠናበት ሲሚንቶ ይሆናል። ከሥሩ ገብቼ ላንሳው ያለ ሰው አካፋውን ወይ ወገቡን ይሰብራል፤ ከላይ በስሱ እየሸረፉ፣ በግማሽ አካፋ ነው። መላም አለው ይባላል፦ ፊትን ወደ መንገዱ አዙሮ በግራ እጅ በኩል፣ ጠራጊው ከሚመጣበት ወገን፣ አስቀድሞ ሰፊ ኪስ መክፈት። ጭነቱን እዚያ ያራግፍና በሩን ባዶውን ያልፋል። ድንቅ መላ ነው፤ በግራ በኩል የጎረቤት መኪና ባይቆም ኖሮ።

እንግዲህ ጭን የደረሰ ክምር ላይ ቆመን፣ ጓንት በጥርስ አውልቀን ስልክ ስንከፍት የእርስዎ ቁጥር መጣ። ከአመልካች ጣት ብዙም አይረዝምም። ከሥሩም፦ «ዘንድሮ ከአማካይ በታች።»

ከአማካይ በታች? አንተ ወገብ የሌለህ እንጨት! አማካይህ 49.2 ኢንች ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ተደምሮ ለሠላሳ ተካፍሎ። በውስጡ 110.6 ኢንች የወረደበት የ2014–15 ክረምት አለ፤ 9.3 ብቻ የወረደበት የ2011–12ም አለ። አንዱን ዓመት ቀብረኸን፣ ሌላውን በደረቁ አሳልፈኸን፣ ደምረህና አካፍለህ «ደህና ናችሁ» ትለናለህ። አማካይ የሚባለውን ክረምት ማን አየው? የት ሰፈር ነው የወረደው?

ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠን።

የእርስዎን ችግርም እንረዳለን። ጣውላዎን መጥረግ የሚፈቀደው ቢበዛ በየስድስት ሰዓቱ ነው፤ በረዶ በራሱ ክብደት ስለሚሰምጥ፣ በየሰዓቱ ለክቶ የሚጠርግ ሰው ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ቦታዎም አልታደለም፤ ነፋስ ከምሥራቅ ሲመጣ ባሕሩ ያሞቀው አየር ቀድሞ የሚያገኘው እርስዎን ነው። እርስዎ ዝናብ ሲለኩ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ መሃል አገር ያለው ሰው አካፋ ይፈልጋል። ያው ሞቃት ባሕር ብርድ የገጠመው ቀን ደግሞ እርጥበቱን ሁሉ በረዶ አድርጎ ያወርደዋል። ለዚህ ነው አንዱ ዓመት ጠግቦ ሌላው የሚራበው፤ 2023–24 9.8 ኢንች ብቻ ነበር፣ ከሁሉ ዝቅተኛ ከሆነው የ1936–37 9.0 ትንሽ ብቻ ከፍ ብሎ።

ግን ቁመት ምን ያደርግልናል? ገለባና እህል በአንድ ቁና ተሰፍረው እኩል ናቸው ይባላል? ስድስት ኢንች እርጥብ በረዶ ቀልጦ አንድ ኢንች ውኃ ከወጣው፣ በአንድ ካሬ ሜትር 25 ኪሎ ነው። ያው ስድስት ኢንች ደረቅ ሆኖ አሥራ አምስት እጅ በረዶ አንድ እጅ ውኃ ቢሰጥ፣ አሥር ኪሎ። ስልኩ ላይ ሁለቱም «6» ናቸው። ትከሻችን ላይ አይደሉም። ከኢንቹ ጎን ኪሎውን ቢጽፉልን አካፋ ከማንሳታችን በፊት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ እናውቃለን፤ የምንለምነው ይህንኑ ነው።

የቆየ ቂም ብዙም የለንም። በ1997 አፕሪል ዘ ፉል ቀን ድረስ የዘለቀው 25.4 ኢንች አለ፤ ቀልድ መስሎን ነበር። ደግሞ የ2015 ፌብሩዋሪ፦ በአንድ ወር 64.8 ኢንች። ማርች 15 ላይ በ2.9 ኢንች የ1995–96ን 107.6 ሰበሩና ሪከርድ አሉ፤ ከተማው የከመረው በረዶ ግን ቀልጦ ያለቀው ጁላይ 14 ነው። የዚያን ቀን ሰው ባሕር ይዋኝ ነበር።

ከሰላምታ ጋር፣
አካፋ ያዦች

ግልባጭ፦
ለበረዶ ጠራጊው መኪና (ቀስ ብሎ ሲያልፍ ቢያነብበው)
በግራ በኩል ለቆመው መኪና
የጠረግነውን ፓርኪንጋችንን ሌላ እንዳይዘው ለሚጠብቀው እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከተማው የፈቀደለት የ48 ሰዓት ሥልጣኑ ሳያበቃ