ወንድ ልጅ ዳንስ ክላስ ምን ይሰራል?

መጀመሪያ የገባሁ ቀን ቦታዬን የያዝኩት በደንብ አስቤበት ነው። የመጨረሻው ረድፍ፣ ጥግ ላይ፣ ከስፒከሩ አጠገብ። እዚያ ማን ያየኛል? ስሳሳት ከሃያ ሴቶች ጀርባ ተደብቄ እሳሳታለሁ። ሲደክመኝ ውሃ የምጠጣ መስዬ ሹልክ እላለሁ። እቅዴ እንከን አልነበረውም።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ አሰልጣኟ አጨበጨበችና "አሁን ሁላችሁም ወደ ኋላ ዙሩ!" አለች። ሁሉም ዞረ። የኋላው ረድፍ ፊት ሆነ። ጥጉ ላይ የተደበቀው ሰውዬ፣ ማለትም እኔ፣ ድንገት የክፍሉ መሪ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዳንስ ብሎ የሚጠራ የለም። ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ እኔ ወደ ግራ። ሰው እጁን ሲያወርድ የእኔ ገና መውጣቱ ነው። በዕድሜ እናቴን ከሚያክሉ አንዲት ሴትዮ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋጨን። "አይዞህ ልጄ፣ መጀመሪያ እግርህን ያዝ፤ እጅ በኋላ ይደርሳል" አሉኝ። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው የስፖርት ምክሮች ይህን የሚበልጥ አላገኘሁም።

የሄድኩት ዳንስ ወድጄ አልነበረም። ለዓመታት ብረት ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደረቴም ክንዴም ደህና ነው። ግን ሦስት ፎቅ በደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ልብና ሳንባ የሚያሰራ ነገር እንደሚያስፈልገኝ ገባኝና ትሬድሚል፣ ማለትም የመሮጫ ማሽኑን፣ ሞከርኩ። ደቂቃው እንዳይታየኝ ስክሪኑን በፎጣ ሸፈንኩት። ብዙ የሮጥኩ መስሎኝ ገልጬ ሳየው ሰባት ደቂቃ ይላል። መልሼ ሸፈንኩት። ቆይቼ ስገልጠው ዘጠኝ። ከትሬድሚል ጋር በዚሁ ተለያየን።

ዳንሱ ክፍል ውስጥ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ በዚያ ሁሉ ውርደት መሃል፣ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሳላቋርጥ ተንቀሳቀስኩ። ያወቅኩት ሲያልቅ ነው። ካናቴራዬ ይጨመቅ ነበር።

ወንዶች ከዚህ ክፍል የሚርቁበት ምክንያት ለሰውነታችንም ለጭንቅላታችንም እያስከፈለን ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። "የሴት ነገር ነው" እንላለን። ትንሽ ጨዋ የሆነው "ለእኔ የሚሆን አይመስለኝም" ይላል። ትርጉሙ አንድ ነው።

እስቲ "የሴት ነገር" የምንለውን እንየው። ዙምባን፣ ያንን በላቲን ሙዚቃ የሚሰራ የዳንስ ስፖርት፣ የፈጠረው ወንድ ነው። አልቤርቶ ፔሬዝ ይባላል፤ በኮሎምቢያዋ ካሊ ከተማ የኤሮቢክስ አሰልጣኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ ቀን ክፍል ከገባ በኋላ የኤሮቢክስ ሙዚቃውን ረስቶ እንደመጣ አወቀ። ይዞት የነበረው ለራሱ የሚያዳምጠው የሳልሳና የሜሬንጌ ካሴት ብቻ ነው። ያንኑ ከፍቶ፣ እንቅስቃሴውን እዚያው እየፈጠረ አሰራቸው። ኋላ ወደ አሜሪካ ሄደና እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ሰዎች ጋር ድርጅቱን አቋቋመ። የሁለቱም የመጀመሪያ ስም አልቤርቶ ነው። ሦስት አልቤርቶዎች የጀመሩትን ነገር ነው እንግዲህ ወንድ አይገባበትም የምንለው።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ ጉዱ ይብሳል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ራሱ ባሌት ይደንስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1661 የንጉሣዊ ዳንስ አካዳሚ ያቋቋመውም እሱ ነው። በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ ሴት ባለሙያ ዳንሰኞች የታዩት በ1681 ነው። ከዚያ በፊት እዚያ መድረክ ላይ የሴቷንም ሚና የሚደንሰው ወንድ ነበር። ዳንስ የሴት ነው የሚለው ሐሳብ ከጥንት የወረስነው ሕግ አይደለም ማለት ነው። መሃል ላይ የመጣ ወሬ ነው።

"እነዚያ ዳንሰኞች ናቸው፤ እኔ ስፖርተኛ ነኝ" የሚል ካለ ቫሲል ሎማቼንኮን ልጥራለት። ዩክሬናዊው ቦክሰኛ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ፣ በ2012 ለንደን ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል። አባቱ አሰልጣኙም ነበር። ልጁ ገና ትንሽ እያለ ከቦክስ አውጥቶ የዩክሬን ባህላዊ ጭፈራ ትምህርት ቤት አስገባው። ሎማቼንኮ ሲቦክስ ያየ ሰው አባትየው ምን አስቦ እንደነበር ይገባዋል። ተጋጣሚው ፊት ለፊት ቡጢ ሲሰነዝር፣ እሱ እዚያ የለም። እግሩ ቀድሞ ሄዷል። ጎኑ ቆሟል። ብሩስ ሊም ቢሆን ፊልሙ ከመታወቁ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ የሆንግ ኮንግ የቻ ቻ ዳንስ ሻምፒዮን ነበር። ብሩስ ሊን "የሴት ነገር ነው የሰራኸው" የሚል ደፋር ካለ እጁን ያውጣ።

እነዚህ ሰዎች ከዳንስ ያገኙት አንዱ ነገር እግር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በራሴ ሰውነት ያየሁት ነው።

አብዛኛው የጂም እንቅስቃሴ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነው። ሩጫ ወደ ፊት። ስኳት፣ ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ታች ላይ። ብስክሌት ያው አንድ መስመር። ወደ ጎን የምንሄድበት፣ ወገባችንን የምናዞርበት፣ በአንድ እግር ቆመን አቅጣጫ የምንቀይርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዳንስ ደግሞ ከሞላ ጎደል ይሄው ነው። ከመጀመሪያው ክላስ ማግስት በጠዋት ከአልጋ ስወርድ የጭኔ የውስጥ በኩል እንዳለ ተይዟል። መቶ ኪሎ ይዤ ስኳት የምሰራ ሰው ወደ ጎን በመራመድ ብቻ ሽባ ሆንኩ! እነዚያ ጡንቻዎች ለዓመታት ወደ ጎን መሥራት አልለመዱም ማለት ነው። ዳሌዬም እንደዚያው። ወገብህን አዙር ስባል የሚዞረው ትከሻዬ ነበር።

ይህ ለጌጥ ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። ሰው ሲያረጅ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ መውደቅ ነው። ከመውደቅ የሚያድነው ደግሞ ሲደናቀፉ እግርን ቶሎ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ማድረስ ነው። ደረት የቱንም ያህል ቢሰፋ እዚህ ላይ አይረዳም።

የልቡን ጉዳይ ባጭሩ ልጨርሰው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ ጠንከር ያለ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። የአንድ ሰዓት የዳንስ ክላስ ሦስት ጊዜ የሄደ ሰው ማሟሟቂያውንና ማቀዝቀዣውን ቀንሶም የመጀመሪያውን ቁጥር ይሞላል። ልኩን ለማወቅ ሰዓት ማሰር አያስፈልግም። ማውራት እየቻልክ መዝፈን ካቃተህ መካከለኛ ነው። ሁለት ቃል ተናግረህ አየር ከሳብክ ጠንካራ ነው። እኔ "ዙሩ" ሲባል መልስ መስጠትም አልችልም ነበር።

ጭንቅላትስ? እ.ኤ.አ. በ2003 በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ከአካል እንቅስቃሴዎች ውስጥ የመርሳት በሽታ ስጋት ከመቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነበር። ረጋ እንበል ግን። ጥናቱ የተመለከተው ሰዎቹ የሚያደርጉትን ነው፤ ዳንስ አዝዞላቸው ውጤቱን አልለካም። መጀመሪያውኑ ጤናማ የሆነ ሰው ይሆናል ብዙ የሚደንሰው። ስለዚህ "ዳንስ መርሳትን ያድናል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። እኔ ከራሴ ማለት የምችለው ትንሽ ነገር ነው። ስምንት ድረስ እየቆጠርክ፣ የሚቀጥለውን እርምጃ እያስታወስክ፣ ከጎንህ ያለውን ሰው እንዳትረግጥ እየተጠነቀቅክ፣ ስለ ቢሮ ማሰብ አይቻልም። ብረት ሳነሳ ግን በየእረፍቱ ስልኬን አወጣለሁ። አለቃዬም አብሮኝ ስፖርት ይሰራል ማለት ነው።

ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ አብሮ የመሆኑ ነገር ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ሥራ ወጣቶችን ቡድን በቡድን አስደንሰው ነበር። አንዳንዶቹ ሁሉም አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ምት ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹ የየራሳቸውን። እኩል የተንቀሳቀሱት ሰዎች ሕመም የመቻል አቅማቸው ከፍ አለ፤ አብረዋቸው ከደነሱት ጋርም የበለጠ ተቀራረቡ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ወር የሆነብኝ እሱው ነው። ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ሲቀሩ "ምን ሆነው ይሆን?" ማለት ጀመርኩ። እነዚያ "እጅ በኋላ ይደርሳል" ያሉኝ ሴትዮ አንድ ሳምንት ጠፍተው ሲመለሱ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። ብረት ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት አጠገቤ ሆኖ ብረት ያነሳውን ሰውዬ ግን እስከ ዛሬ የማውቀው በጭንቅላት ሰላምታ ነው። ወንዶች ወሬ አንችልም ይባላል። እዚህ ወሬ አያስፈልግም፤ አብሮ መሳሳት ይበቃል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ልናገር፤ አለዚያ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ዳንስ ብረትን አይተካም። ያው መመሪያ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨመርበት ይላል፤ እኔም ሁለቱን ቀን አልተውኩም። ጫማም ልብ ይባል። ወለሉን አጥብቆ የሚይዝ የሩጫ ጫማ ስትዞር እግርህን ያስቀረዋል፤ የሚዞረው ጉልበትህ ይሆናል። ሶሉ ወለሉ ላይ በቀላሉ የሚዞር ይሻላል። ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብሎ የኖረ፣ ደረቱን የሚያመው ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ቀድሞ ሐኪም ያማክር። መጀመሪያው ቀን መዝለሉን ትቶ በእርምጃ ብቻ መከተልም ነውር የለውም።

ጥፋቱ ሁሉ የወንዶች ነውም አልልም። የእነዚህ ክፍሎች ፖስተር ላይ ያለውን ፎቶ ተመልከቱ። ፈገግ ያሉ ሴቶች፣ ሁሌም። አንዳንድ አሰልጣኝ "እሺ እህቶቼ!" ብላ ትጀምራለች፤ ከዚያ ዓይኗ ጥጉ ላይ ያርፍና "...እና ወንድሜ" ትላለች። ሃያ ሰው ዞሮ ያያል። ቋንቋችን እዚህ ላይ ደግ ነው፤ "ዙሩ" ሲባል ሴትም ወንድም ይይዛል። እሱ ይበቃል።

እኛም ስንገባ ጠባያችንን ይዘን እንግባ። ሴቶች ላብ በላብ ሆነው፣ ማንም ሳያፈጥባቸው መንቀሳቀስ የሚችሉበት ቦታ ብዙ አይደለም። አንዳንዱ ወንድ ለማየት ይገባል፤ እሱ ቢቀር ይሻላል። አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ውድድር ያደርገዋል፤ ፊት ረድፍ ይቆማል፣ ከሁሉም በላይ ይዘላል። እኔም ትንሽ ሞክሬያት ነበር። ማንም ልብ ስላላለኝ ተውኩት።

በእርግጥ ከባዱ ነገር የነበረው በሰው ፊት ጀማሪ መሆን ሳይሆን አይቀርም። ብረት ክፍል ውስጥ ደካማ ጎኔን መደበቅ እችላለሁ። የማልችለውን አልነካም። የምችለውን አነሳለሁ፣ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ደስ ይለኛል። ዳንስ ክፍል ውስጥ የሚቆጠር ኪሎ የለም። የማላውቀውን ነገር በሰው ፊት፣ ከነመስታወቱ፣ እየተሳሳትኩ እሰራለሁ። ካደግኩ በኋላ እንዲህ ያለ ቦታ ገብቼ አላውቅም ነበር። ሥራዬ ላይ የማውቀውን ነው የምሰራው። ቤቴም እንደዚያው። አርባ ዓመት የሞላው ወንድ ምንም የማያውቅ ጀማሪ የሚሆንበት ቦታ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? የለም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፊቴ ይቀላ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ተሳስቼ ስስቅ፣ ከጎኔ ያሉትም ሲስቁ፣ ትከሻዬ ራሱ ወረደ። ዳሌዬም ያኔ ነው መዞር የጀመረው።

ደረጃው እንዴት ሆነ ብትሉኝ፣ ሦስቱን ፎቅ ስልክ እያወራሁ እወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ሰውዬ መጣ። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ብረት እንደሚያነሳ ያስታውቃል። ክፍሉን በዓይኑ ቃኘና ቀጥ ብሎ ሄዶ የመጨረሻው ረድፍ፣ ጥግ ላይ፣ ስፒከሩ አጠገብ ቆመ። የውሃ ጠርሙሱን በሩ አጠገብ አስቀመጠ። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም በጭንቅላቱ ሰላም አለኝ። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር ልነግረው አስቤ ነበር። አሰልጣኟ እጇን ስታነሳ አየሁ። ዝም አልኩ።