የቢኮ ቤተሰብን ፍርድ ለነፃ ምሕረት አትጥቀሱብን

ሰሞኑን አንድ የሽግግር ፍትሕ ውይይት ላይ አንዱ ተናጋሪ «ደቡብ አፍሪካ እኮ ይቅር ብላ ነው የተሻገረችው፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷም አጽድቆታል፣ እኛን ምን ልዩ ያደርገናል» ሲል ሰማሁና ደሜ ፈላ። ሰውየው ወይ ፍርዱን አላነበበውም፣ ወይ እኛ እንደማናነበው እርግጠኛ ነው።

ፍርዱ በ1996 እ.ኤ.አ የተሰጠ ነው። አቤት ያሉት አዛፖ የሚባለው የጥቁሮች የፖለቲካ ድርጅትና በአፓርታይድ ፖሊስ ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ናቸው፣ በ1977 እ.ኤ.አ በፖሊስ እጅ የሞተው የጥቁሮች መብት ታጋይ የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብም አለበት፣ ከአፓርታይድ በኋላ የታወጀው ምሕረት ገዳዮቻችንን የመክሰስ መብታችንን ወሰደብን ነው ያሉት። ተፈረደባቸው፣ እሱ እውነት ነው። ግን ለምን ተፈረደባቸው? የደቡብ አፍሪካ የሽግግር ሕገ መንግሥት ራሱ ማብቂያው ላይ ምሕረት ይሰጣል ብሎ ስለጻፈ ነዋ! ምሕረቱም ቢሆን ለፖለቲካ ዓላማ ያደረገውን አንድ ሳያስቀር ለተናገረ ሰው ብቻ ነበር። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ደሞ ጭራሽ ተቃራኒውን ነው የሚለው፣ ያለፍርድ መግደልን ሰው አስገድዶ መሰወርን የመሰለ በስብዕና ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ ፓርላማም ይሁን ሌላ የመንግሥት አካል በምሕረትም በይቅርታም አያልፈውም። እነዛ ዳኞች ይሄ አንቀጽ ፊታቸው ቢኖር ያንን ፍርድ በምን ቀዳዳ ይጽፉት ነበር?

ደሞስ ማን ተሻገረ? ቢኮን ራቁቱን ላንድሮቨር ጀርባ ላይ ጭነው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ፕሪቶሪያ ነዱት፣ እዛ ሞተ። ፖሊሶቹ ምሕረት ሲጠይቁ በግብግብ መሀል ግድግዳ መታው አሉ፣ የምሕረት ጥያቄዎቹን የሚያየው ኮሚቴ እውነቱን አልተናገራችሁም ብሎ በ1999 እ.ኤ.አ ከለከላቸው። ከዛ በኋላ መክሰስ ነበረባቸው፣ ማንም አልከሰሳቸውም። የአሟሟቱ ምርመራ እንደገና የተከፈተው በሞተ በ48 ዓመቱ በ2025 እ.ኤ.አ ነው፣ በዛው ዓመት ፕሬዚዳንት ራማፎሳ የአፓርታይድ ዘመን ወንጀሎችን ክስ ማን አስቆመው የሚል አጣሪ ኮሚሽን ለማቋቋም ተገደዱ። ተሻገረች የምትሏት አገር ይቺ ናት።

ሁሉንም መክሰስ አይቻልም ለሚሉ፣ እሺ፣ አይቻልም። የደርግ ችሎት በኛ አቆጣጠር ከ1987 እስከ 1999 ፈጅቷል፣ ቢሆንም ካዘዙት ሰዎች ብዙዎቹ ዳኛ ፊት ቆመዋል። የሚያዝያ 2016ቱ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲያችንም ምሕረትን ያስቀመጠው በቅድመ ሁኔታ ነው እንጂ በነፃ አይደለም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የቢኮ ቤተሰብ ተሸንፎም ቢሆን ዳኞች ፊት ተከራክሮ የተሸነፈበት ምክንያት ተጽፎ ተሰጥቶታል። እኛ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የለንም፣ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አጥንቶ ያቀርባል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ እሱም የፖለቲከኞች ምክር ቤት ነው። ነገ እንዲሁ በደፈናው ምሕረት ቢታወጅ ልጇ ተወስዶ የቀረባት እናት አንቀጽ 28 ተጥሷል የምትለው ምሕረቱን ለሚፈልጉት ለነዛው ሰዎች ነው ማለት ነው። የምሕረት ሕጉን የሚያረቁ ሰዎች ይቺን እናት የት ሄደሽ ተከራከሪ እንደሚሏት ረቂቁ ላይ ይጻፉልን፣ ከመጽደቁ በፊት።