ላብ «የጀርም ውሃ» አይደለም

አቦ፣ «ላብ የጀርም ውሃ ነው፤ ድሬ ላይ በቀን ሦስቴ በፀረ ጀርም ሳሙና ካልታጠብክ ቆዳህ ምንም መከላከያ የለውም» ያልከው ላይ እርማት አለኝ።

ሙቀቱን አልክድም። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እንኳ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። ላቡ ግን ባዶውን አይወጣም። የላብ ዕጢዎቻችን ደርምሲዲን የሚባል ፕሮቲን ይሠራሉ። ጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት። ፕሮቲኑ ቆዳ ላይ ተቆራርጦ አጫጭር ፔፕታይዶች (የፕሮቲን ቁራጮች) ይሆናል። እነሱ የባክቴሪያውን ሽፋን ይበሱታል፤ ከዚያ አለቀለት። የላቡ ጨውም ሥራቸውን አያስቆማቸውም። ቆዳው ራሱም ዲፌንሲንና ካቴሊሲዲን የሚባሉ ሌሎች ጀርም ገዳዮች አሉት። ስትቆስል መጠናቸው ይጨምራል። እነዚህ ሁሉ ክትባት አይጠብቁም፣ ጀርሙን ከዚህ በፊት ማወቅም አያስፈልጋቸውም። አብረውን የተወለዱ ናቸው።

ሽታውስ ካልከኝ፣ ትኩስ ላብ ብዙም አይሸትም። የሚሸተው ብብት ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲበሉት ነው። ስለዚህ ታጠብ እንጂ፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገብህ የምቀመጠው እኔ ነኝ! ግን ተራ ሳሙና ይበቃሃል። በቀን ሦስቴ መፈተግ ቆዳህን ከማድረቅ ሌላ ብዙም አይጠቅምህም።